ከማድ ቤቱ ጀርባ ያለው መደብ

ጎረቤቶቼ ሰላጣና ቆስጣ ዘርተው ደጋግመው ሲቆርጡ፣ እኔ የበርበሬ ችግኜን ቅጠል ስቆጥር እከርማለሁ። የምኖረው ጉለሌ ነው፤ ከእንጦጦ ግርጌ። ቀን ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ሲመሽ ብርዱ ከተራራው ቁልቁል ይወርዳል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። የበርበሬ ፍሬ ደግሞ ደህና አድርጎ የሚበቅለው አፈሩ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሲሞቅለት ነው፤ ከ15 በታች ከሆነበት ወይ ይበሰብሳል፣ ወይ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ከበቀለም በኋላ ሥሩ ቀዝቃዛ አፈር ውስጥ አይሠራለትም። ሁለት ቅጠል ያወጣና ይቆማል፤ ሰንብቶ ሌላ ሁለት ይጨምርና እንደገና ይቆማል። የሚያየው ሰው ሁሉ «ታሞብዎት ነው እንዴ?» ይለኛል።

አልታመመም። የሞቀ አገር ተክል ነው፤ እዚህ ደጋ ላይ ኗሪ የሆነው በሰው ድካም ነው። ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህርት ነኝና ነገሩን ከዚያ ጫፍ ካልጀመርኩ አይሆንልኝም።

በርበሬ የሌለበት ማዕድ ማሰብ ለእኛ ይከብዳል እንጂ የታሪካችን ትልቁ ክፍል ያለፈው ያለ በርበሬ ነው። አክሱም ሐውልት ሲቆም፣ ላሊበላ ዓለቱ ሲፈለፈል፣ ዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ ደብረ ብርሃን ላይ ሲከትሙ ዛሬ የምናውቀው ቀይ ወጥ አልነበረም። ለወጡ ጣዕም የሚሰጠው ሌላ ነበር፦ ከደቡብ ምዕራቡ ጫካ የሚለቀሙት ኮረሪማና ጥምዝ፣ ከጓሮ የሚገኘው ሰናፍጭ፣ ዝንጅብል፣ ከባሕር ማዶ በነጋዴ እጅ የሚገባው ቁንዶ በርበሬ። ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በአገራችን የቆየው ፖርቹጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የጻፈውን ያነበበ ሰው፣ ቁንዶ በርበሬ በዚያ ዘመን ምን ያህል ውድ ነገር እንደነበር ይገባዋል። ከእሱ ጋር የመጡት የፖርቹጋል መልእክተኞች ጓዝ ውስጥ ነበር፤ ለዓፄ ልብነ ድንግልም ቀርቧል። ለንጉሥ በቀረበ እጅ መንሻ ውስጥ ዛሬ ከሱቅ በቁንጥር የምንገዛውን ነገር ማየት ያስቃል።

ቀዩ በርበሬ ያኔ ገና በመንገድ ላይ ነበር። አገሩ አሜሪካ ነው፤ የሜክሲኮና የአካባቢው ሰዎች ከ6,000 ዓመት በፊት ጀምረው አላምደውታል። ኮሎምበስ በ1492 እ.ኤ.አ. ከተሻገረ ወዲህ የፖርቹጋልና የስፔን መርከቦች ያገኙበት ወደብ ሁሉ እየጣሉት ሄዱ። ፍጥነቱ ለማመን ያስቸግራል። ገና 50 ዓመት ሳይሞላ፣ በ1542 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ሊዮንሃርት ፉክስ የእጽዋት መጽሐፉን ሲያሳትም የዚህን ተክል ሥዕል አስገብቶ «የካሊከት በርበሬ» አለው። ካሊከት ያለችው ሕንድ ነው። እንዲያ ያለ የተማረ ሰው እንኳ አሜሪካን ረስቶ የሕንድ ተወላጅ አድርጎታል።

ወደ እኛ የገባበትን መንገድ በተመለከተ ብዙ ሰው የሚወደው ወሬ በ1541 እ.ኤ.አ. ከፖርቹጋላዊው ክሪስቶቮ ዳ ጋማ ጋር ምጽዋ የወረዱት 400 ነፍጠኞች አመጡት የሚለው ነው። ታሪኩ ያምራል፤ ጦርነት አለበት፣ ጀግና አለበት። እኔ ግን በነጋዴ ነው ባይ ነኝ። ከጉጃራትና ከየመን ተነስተው ምጽዋና ዘይላ የሚያራግፉ ጀልባዎች ጨርቅና ቅመም ሲያመላልሱ የኖሩት ከዳ ጋማ በፊትም በኋላም ነው። አንድ ደረቅ ዛላ ውስጥ መቶ ገደማ ፍሬ አለ። እንደ ሸንኮራ ግንድ፣ እንደ ድንች ራስ ተሸክሙኝ አይልም፤ መቀነት ጫፍ ላይ ተቋጥሮ ይሄዳል። አበባውም ባመዛኙ ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል፣ ዘር የያዘች አንዲት ሴት ከማንም ሳትለምን ለከርሞ የራሷን ታስቀራለች።

ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር ሲደርስ ጥሬ ሥጋ በጨውና በበርበሬ ሲበላ አይቶ ጽፏል። ያን ጊዜ እንግዳ ነገር ሆኖ የታየው ለእሱ እንጂ ለጎንደሬው አልነበረም።

ለምን እንዲህ ቶሎ ተዋሐደን? ጾሙ ይመስለኛል ትልቁ ምክንያት። ምእመኑ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ቅቤና ሥጋ የማይነካ አገር፣ ሽሮና ምስር ላይ ነፍስ የሚዘራ ነገር ይፈልጋል። ቁንዶ በርበሬ ይህን ያደርግ ነበር፤ ግን ከባሕር ማዶ ነው፤ በብር ነው፤ የድኃ ቤት አይደርስም። ቀዩ በርበሬ ግን ጓሮ ላይ በቀለ። ታሪኩ የተቀየረው እዚህ ላይ ነው፤ ከወደቡም ከቤተ መንግሥቱም ይልቅ ጓሮው ላይ።

ጓሮ ላይ በቀለ ስል ግን ቀላል አይምሰል። የደጋና የወይና ደጋ ገበሬ እርሻ በክረምቱ ዝናብ የሚሄድ ነው፤ ጤፉም ገብሱም ማሳው ታርሶ በእጅ ይበተናል፤ ሰንብቶ መሬቱ አረንጓዴ ይለብሳል። በርበሬን እንዲህ ሰኔ ላይ ብትበትነው አይሆንም። ፍሬው ቀዝቅዞ ይተኛል፤ የነቃው ጣት ሳያህል አረሙ ይበልጠዋል፤ በረዶ ይቀጠቅጠዋል፤ ቢተርፍ እንኳ ፍሬ ሳይዝ ዝናቡ ይወጣል። ስለዚህ ችግኙ ዝናብ ሲገባ ተዘጋጅቶ መጠበቅ አለበት። ያ ማለት በበጋ፣ በድርቁ መካከል፣ ውኃ ከወንዝ ተቀድቶ፣ ጧት ማታ የሚያየው ሰው ኖሮ፣ ሁለት ወር ያህል መሞላቀቅ አለበት ማለት ነው። በበጋ ቤት የሚውል፣ ውኃ የሚቀዳ፣ ምድጃና አመድ እጁ ላይ ያለ ማን ነው? መልሱን የጎጃም ልጅ አያጣውም።

እናቴ ጎጃም ውስጥ ቡሬ አካባቢ በርበሬ ስታፈላ አድጌያለሁ። መደቡ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነበር፦ ከማድ ቤቱ ጀርባ፣ ግድግዳው ሥር፣ ከመንገድ የማይታይበት። «የሰው ዓይን ይመታዋል» ነበር ምክንያቷ። ቡዳ ኖረም አልኖረ ቦታው የተመረጠ ነው። ግድግዳው ነፋስ ይከለክላል፤ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ይተፋል፤ በማዶው በኩል ደግሞ ምድጃ ይነዳል። የማድ ቤት ጀርባ አፈር ዘመን ያስቆጠረ አመድና ጥራጊ የበላ ጥቁር አፈር ነው። አመዱ ፖታሽ አለው፤ ኮምጣጣውን መሬት ያለዝባል።

መጋቢት ሲጋመስ መደቡን ከፍ አድርጋ ታበጃለች፤ ውኃ እንዳይተኛበት። ከዚያ ጭድና የበቆሎ አገዳ ከምራበት ታቃጥላለች። ልጅ ሳለሁ ይህ ለእኔ በዓል ነበር። ኋላ መጽሐፍ ሳነብ ነው እሳቱ ምን እንደሚሠራ ያወቅሁት፤ የአረም ፍሬ ይፈጃል፤ ችግኙን መሬት በነካበት ወገቡ ላይ የሚያበሰብሱትን፣ ፒቲየምና ራይዞክቶኒያ የሚባሉትን ሻጋታዎች ከላዩ አፈር ላይ ያሳሳል። ከበጎች ጋጣ ያረጀ ፍግ ይጨመራል። ያልበሰለ ፍግ አታስነካውም፤ «ያነደዋል» ትላለች፤ እውነትም ያነደዋል።

ዘሩ የሚወርደው ከፋሲካ ወዲህ ወዲያ ነው። ከምድጃው በላይ ከተሰቀለው ጉንጉን ከአምናው ምርጥ የተባለውን ዛላ አውርዳ ትፈለቅቃለች። ፍሬውን ነክራ፣ የሰፈፈውን ደፍታ፣ የሰመጠውን በእራፊ ጨርቅ ቋጥራ ምድጃው አጠገብ ታሳድራለች። ከአመድ ጋር አደባልቃ መደቡ ላይ ስትበትነው ነጩ የት እንደወደቀ ያሳያል። ስስ አፈር፣ ከላዩ ሣር።

አሁን ድረስ ከዓይኔ የማይጠፋው አጠጣጧ ነው። በእንስራ አታፈስበትም፤ በጣሳም አታፈስም። የወይራ ቅርንጫፍ እውኃው ውስጥ ነክራ ታወጣና መደቡ ላይ ታራግፈዋለች፤ ትነክራለች፣ ታራግፋለች። ጠብታው ሣሩን አልፎ ሲገባ አፈሩ አይጠቀጠቅም፤ ፍሬው ከቦታው አይነሳም። ደግሞም ጧት ነው እንጂ ማታ አይደለም። ማታ የጠጣ ችግኝ እርጥቡን ለብሶ፣ ብርዱን ይዞ ያድራል፤ ሻጋታውም የሚሠራው ያኔ ነው። ችግኙ አንገቱን ሲያቀና ሣሩ ይነሳል፤ ግን ሲመሽ ነው የሚነሳው፣ ፀሐይ ድንገት እንዳትመታው። ከዚያ በአራት ቋሚ ላይ ዳስ ይሠራለታል፤ ዳሱም ቀስ እያለ ይሳሳል።

የእኔ ሥራ ዶሮ ማባረር ነበር። መደቡ በእሾህ ቢታጠርም ዶሮ መግቢያ አታጣም፤ አንድ ጊዜ ከጫረችው አለቀ። በርበሬውን ስትውጥ ደግሞ ምንም አትል። በኋላ እንዳነበብኩት አእዋፍ የበርበሬው ማቃጠል አይሰማቸውም። በተወለደበት አገር ዘሩን ከቦታ ቦታ የሚበትኑለትም ወፎች ናቸው፤ ፍሬውን አኝኮ የሚፈጨውን አጥቢ እንስሳ ደግሞ ማቃጠሉ ያባርረዋል። እየተቃጠለ ጨምሩልኝ የሚለው ሰው ነው።

ሊነቀል ሲቃረብ ዳሱ ይፈርሳል፤ ውኃው ይቀነሳል። ችግኙ ይጠነክራል፤ ግንዱ ወደ ወይን ጠጅነት ያደላል። ሰኔ ሲጠናቀቅ፣ መሬቱ ከጠገበ በኋላ፣ ደመና ባለበት ቀን ከሰዓት ይተከላል። ይህን ጊዜ ነገሩ ይለወጣል። መደቡ ላይ እያለ የእናቴ የነበረው በርበሬ ማሳ ሲገባ የአባቴ ይሆናል። አባቴ ያርሰዋል፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ይለቀማል፣ ይሰጣል፣ በጆንያ ተጠቅጥቆ ቡሬ ገበያ ይወጣል። ብሩም በአባቴ ኪስ ይገባል። መዝገብ ላይ የሚሰፍረውም፣ ግብር የሚከፈልበትም ያ ነው። በርበሬን የሚያነሳ ያነበብኩት የታሪክ ጽሑፍ ሁሉ ከማሳው ወይም ከገበያው የሚጀምረው ለዚህ ይመስለኛል፤ መደቡን የጻፈ አላጋጠመኝም።

እንጦጦን ከላይ አንስቻለሁና አንድ ነገር ልጨምር። በ1880 ዓ.ም. ገደማ እቴጌ ጣይቱ እንጦጦ ማርያም ስትመረቅ ያዘጋጁት ግብር ስሙ የገነነ ነው፤ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴም በምኒልክ ዜና መዋዕል ጽፈውታል። ቀይ ወጡ ከየዓይነቱ በገፍ ነበር። እንጦጦ ግን 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ በዚያ ብርድ በርበሬ አይሞከርም። ደህና የሚሆንለት ከ1,400 እስከ 2,100 ሜትር ባለው አገር ነው። ያ ሁሉ በርበሬ ከታች፣ ከወይና ደጋው፣ በአጋሰስ ጀርባ የወጣ ነው። አዲስ አበባም ከተቆረቆረች ጀምሮ በርበሬዋን የምትበላው ከሌላ አገር አስመጥታ ነው፤ መርካቶ በርበሬ ተራ ሄዶ ያስነጠሰ ሰው የጎጃሙን፣ የማረቆውን፣ የሃላባውን፣ የባኮውን ክምር ለይቶ ያውቃል።

በ1958 ዓ.ም. የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት ሲቋቋም መንግሥትም ወደ መደቡ መጣ። በ1968 ዓ.ም. ገደማ ማረቆ ፋናና ባኮ ሎካል የሚባሉት ዝርያዎች ወጡ። ስማቸው እንደሚናገረው ከዚያው ከገበሬው ዘር የተመረጡ ናቸው። ማረቆ ፋና ዛላው ትልቅ፣ ቀለሙ ጠቆር ያለ ቀይ ስለሆነ ለወጥ ብቻ ሳይሆን ቀለሙ ተጨምቆ ለውጭ ገበያ እንዲወጣ ተፈልጓል። ኋላ ደግሞ ከመልካሳ የምርምር ማዕከል መልካ ዛላ፣ መልካ አዋዜ፣ መልካ ሾጤ መጡ። የባለሙያዎቹ ምክር መደቡ 1 ሜትር ስፋት ይኑረው፣ ዘሩ በ15 ሳንቲ ሜትር ርቀት በመስመር ይውረድ፣ ሣር ይልበስ፣ ከ45 እስከ 60 ቀን ቆይቶ በ70 በ30 ሳንቲ ሜትር ይተከል የሚል ነው። ከመስመሩ በቀር እናቴ የማታውቀው ነገር አላገኘሁበትም። መስመሩ ግን ይጠቅማል፤ ችግኝ ሲጨናነቅ ይቀጥናል፤ አየር አያገኝም።

በቅርብ አሥርት ዓመታት ማረቆና ሃላባ ላይ ችግኙን የመታው ግን በመስመርም በእሳትም የሚመለስ አልሆነም። አንዱ ሥር የሚያበሰብስና የሚያጠወልግ ነው፤ ሌላው ክሽክሽ ከተክል ተክል የሚያዛምተው ቅጠል አኮማታሪ ቫይረስ። በርበሬ በበርበሬ ላይ ሲደጋገም መሬቱ ራሱ በሽታ ያጠራቅማል። ጎረቤቴ የቆሼ ልጅ ናት፤ ከማረቆ። በርበሬ ነግዳ ልጆች አሳድጋለች። የአባቷ ማሳ ዛሬ በቆሎ ነው።

የእኔን ዝግተኛ ችግኞች ያቃናቻቸውም እሷ ናት። መጀመሪያ አጥር ሥር፣ ጥላ ላይ ነበሩ። መጥታ አፈሩን በጣቷ ወጋ ወጋ አድርጋ «እትዬ፣ መሬቱ እኮ በረዶ ነው። እሱ ምን ያድርግ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ዘር የማወርደው ጥር መጨረሻ፣ ብርዱ ሲለቅ ነው። ጥቁር ጀሪካን ለሁለት ቆርጬ፣ ሥሩን በስቼ፣ በቆርቆሮው የማድ ቤት ግድግዳ ላይ አስጠግቼዋለሁ፤ ጥቁሩ ፕላስቲክ ቀን ይሞቃል፣ ቆርቆሮውም ያንጸባርቅለታል። ማታ ማታ ቂጡ የተቆረጠ ሃይላንድ በየችግኙ ላይ እደፋለሁ፤ ጧት ፀሐይ ሳትበረታ አነሳለሁ። የወይራ ቅርንጫፍ ጉለሌም አይጠፋም።

የችግኝ ስንፍና የሚመጣው ግን ሁልጊዜ ከብርድ አይደለም። ብዙ ጊዜ ከውኃ ነው። ያላደገ ተክል ያየ ሰው ውኃ ይጨምራል፤ ሥሩ አየር አጥቶ ይታፈናል፤ ቅጠሉ ከታች ጀምሮ ቢጫ ይሆናል፤ ሰውየው «ጠማው» ብሎ ደግሞ ይጨምራል። ዩሪያ የሚበትኑም አሉ፤ ያን ጊዜ ቅጠሉ ያምራል፣ አበባው ይዘገያል። እኔ የማየው ሥሩን ነው። የዕቃው ቀዳዳ ላይ ነጭ ሥር ካየሁ ጠቦታል፤ ሰፋ ወዳለ ዕቃ ይዛወራል። ሳዛውረው እንደ ቲማቲም ግንዱን አልቀብረውም፤ ቲማቲም ከተቀበረ ግንዱ ሥር ይሰዳል፤ በርበሬ ግን እምብዛም ነው፤ በተቀበረበት በኩል መበስበስም አለ። ገና ሳይጠነክር ያወጣትን የመጀመሪያዋን አበባ ቀንጥሼ እጥላለሁ። አጫሽ እንግዳ ሲመጣም እጁን ሳይታጠብ ቅጠሉን አላስነካም፤ የትምባሆ ቫይረስ ከጣት ወደ በርበሬ ይተላለፋል። የእናቴ «ዓይን» እኔ ጋ እጅ ሆኗል።

አንድ ነገር ላይ ከጎረቤቴ ጋር አልተስማማንም። በርበሬ በተወለደበት ሙቅ አገር ዓመት ከዓመት የሚኖር ቁጥቋጦ ነው፤ እኛ ነን ከለቀማ በኋላ ነቅለን የምንጥለው። ለምን በየዓመቱ ከፍሬ ጀምሬ ያን ሁሉ ወር እጠብቃለሁ ብዬ አምና አንዱን ግንድ ቅርንጫፎቹን አሳጥሬ ሳልነቅለው ከረምኩ። ብርዱን በሃይላንድ ሳይሆን በጆንያ ነው ያሳለፍኩት። የካቲት ላይ ከአሮጌው ግንድ ጉንቁል ወጣ፤ ችግኞቹ ገና አራት ቅጠል ሳሉ እሱ አበባ ያዘ።

ጎረቤቴ አይዋጥላትም። «ያረጀ በርበሬ በሽታ ነው የሚያሳድረው፣ ይንቀሉት» ትላለች። ማሳ ላይ እውነት አላት፤ አባቷን ያየች ናት። እኔ ያለኝ ግን ጀሪካን ነው፤ ክሽክሽ ሲወጣበት ቅጠሉን በሳሙና ውኃ አጥበዋለሁ።

«ከነቀልኩት ከቆሼ ዘር ታመጪልኛለሽ?» አልኳት።

አመጣችልኝ፤ ጠቆር ያለ ቀይ የማረቆ ዛላ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ። ግንዱን ግን አልነቀልኩትም። ስትመጣ በዚያ በኩል እንዳታልፍ ሻዩን የማቀርብላት በረንዳው ላይ ነው።